ሰባተኛው ዘፈን ላይ የጎደለው

ጢንዚዛ የጆሮ ማዳመጫውን ስታቀብላት እትዬ መጀመሪያ ያየችው የእህቷን ጥፍሮች ነው። ጥቁር ተቀብተዋል፤ ጫፍ ጫፋቸው ግን ተልጧል። ላውንደሪ የሚሠራ ሰው ጥፍር ላይ ቀለም አይበረክትም፤ የካውያው እንፋሎት ይበላዋል።

«እየመረጡ መስማት የለም» አለች ጢንዚዛ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ ነው። አንቺ ስትሰሚ እኔ ሱሪ እተኩሳለሁ።»

«እዚሁ?»

«የት አማረሽ፣ ቤተ መንግሥት? ግማሹን እዚሁ ነው የጻፍኩት፤ ሰው ኮቱን ሊወስድ እስኪመጣ።»

እትዬ በላስቲክ ተሸፍነው ከተንጠለጠሉት ኮቶች ሥር፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስሟ እትዬ አይደለም። ታናሿ አፏን ስትፈታ እንደዚያ ብላ ጠራቻት፣ ከዚያ በኋላ አባታቸው ሳይቀሩ እትዬ አሏት፣ በዚያው ቀረ። ታናሿ ጢንዚዛ የተባለችው ደግሞ በኦርጋኑ ምክንያት ነው።

እናታቸው የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። ሳሎናቸው ውስጥ በእግር እየረገጡ የሚጫወቱት አሮጌ ኦርጋን ነበር፤ መርገጫው ሲረገጥ ሆዱ ውስጥ ያለው ወናፍ አየር ይሞላል፣ ጣት ቁልፉን ሲነካ አየሩ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። እትዬ መጫወት ስትጀምር እግሯ መርገጫው ላይ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ታናሿ ከሥር ትገባና ተንበርክካ መርገጫውን በሁለት እጇ ትገፋለች። እላይ እትዬ ትጫወታለች፤ እታች ታናሿ ከወናፉ ጋር እምምም እያለች ታጅባለች። እናታቸው ከወጥ ቤት ሆና «ከዚያ ሥር ያለችውን ጢንዚዛ ዝም አሰኙልኝ» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ፣ ልክ እትዬ የምትወደው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ድምፁ ድንገት ይሟሽሻል። «ጢንዚዛ፣ ተኛሽ?» ትላለች እናት። «እጄ ደክሞኝ ነው» ትላለች ጢንዚዛ ከሥር።

የእትዬ እግር ሲረዝም ጢንዚዛ ከሥር ወጣች። እትዬም በዚያው ኦርጋን ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሩቅ አገር ሄደች፣ ለዓመታት ተማረች፣ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ደረበች፣ ከወራት በፊት ተመለሰች። ተመለሰች ይባላል እንጂ መምጣቷ ይሁን መሸሿ ለራሷም ገና አልለየላትም። ለጊዜው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሕፃናት ፒያኖ ታስተምራለች። የራሴ የምትለው ሙዚቃ ከጻፈች ቆይታለች። ስትጀምር የአስተማሪዎቿ ድምፅ ከጀርባዋ ቆሞ ይተቻታል፤ ትተወዋለች።

ጢንዚዛ የትም አልሄደችም። እናታቸውን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ላውንደሪ ገባች። ከዚያ ጎማ ከሚጠግን ጎሚስታና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራ ጊታር ተጫዋች ጋር ሆና የሜታል ባንድ አቋቋመች፤ ያውም ከሜታል ሁሉ ጨካኙን፣ በጨለማ ቤትና በሙታን ታሪክ የተሞላውን፣ ጎቲክ የሚሉትን። አልበማቸው «ወናፍ» ይባላል። አንድ የውጭ ኩባንያ በሸክላ ሊያትመው ተስማምቷል። ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ሌላ ነው፤ እትዬ በተማረችበት ከተማ የሚወጣ የሙዚቃ መጽሔት ሁለቱን ዘፈኖች ቀድሞ ሰምቶ ስለ ጢንዚዛ ሙሉ ገጽ ጻፈ። በዚያ ከተማ እትዬን በስሟ የምታውቃት የቤት አከራይዋ ብቻ ነበረች፤ እሷም አጣማ ነው የምትጠራት።

እትዬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ልቧ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ መጥፎ እንዲሆን። በጣም መጥፎ እንኳ ባይሆን፣ «በርቺ» ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት መጥፎ።

መጥፎ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ሙዚቃ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ቆዳ ይለጠጣል፣ ይጨማደዳል፣ እንጨት ያቃስታል። እትዬ ወዲያው አወቀችው፤ የሳሎናቸው ኦርጋን ሆድ ነው። ማይኩን ከሥር አስገብተውት ነው የቀዱት። በትንፋሹ ላይ ጊታሩ እንደ ናዳ ወረደ፤ ድራሙ እንደ ደነበረ የፈረስ መንጋ ተከተለው፤ በመሐል የእህቷ ድምፅ መጣ፣ ያጓራል። ከጉሮሮ የሚወጣ አይመስልም፤ ከወለል በታች የተቀበረ ነገር ራሱን እያነቃ ያለ ይመስላል። እትዬ ቀና ብላ አየቻት። ጢንዚዛ የሰው ሱሪ መስመር እያስያዘች ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ገደል አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ቤት አለ። የቤቱ ወይዘሮ ሞታለች፤ ቤተሰቡ ግን ሞቷን ለማንም አልተናገረም። ከወለሉ በታች አንዲት ልጅ ወናፍ ትነፋለች፤ አየሩ በቱቦ ወጥቶ ሟቿ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እንግዳ ይመጣል፣ እጅ ይነሣል፣ «ወይዘሮዋ ደህና ናቸው» ብሎ ይመለሳል። ልጅቷ ካቆመች ቤቱ ይፈርሳል። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አለ፤ ጆሮው አይሰማም፣ ስለዚህ ከቤቱ ሰው የወናፉን ድምፅ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። አራተኛው ዘፈን የድመቷ ነው። ድመቷ ሞቱን ታውቃለች፤ ግን የወይዘሮዋ እግር ሥር ያለው ቦታ ስለሚሞቃት ዝም ትላለች። አምስተኛው ላይ ልጅቷ በወለሉ ስንጥቅ ቀና ብላ ታያለች፤ የምታየው ግን የሚመላለሱ ጫማዎችን ብቻ ነው።

እትዬ በተማረችበት ከተማ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ በየምድር ቤቱ ሰምታለች። አብዛኛው ጨለማን ከሱቅ ገዝቶ የሚለብስ ነው፤ ሻማው፣ መቃብሩ፣ ጥቁር ካፖርቱ፣ ሁሉም የተከራየ ዕቃ ይመስላል። የእህቷ ጨለማ ግን የለበሱት አልነበረም። የሕመምተኛ ቤት ጨለማ ነው፤ መጋረጃ የተዘጋው ብርሃን የሕመምተኛዋን ዓይን ስለሚወጋ ነው፣ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራው ተኝታለች ብሎ ነው። ጩኸቱ ራሱ ለዓመታት የታፈነ ሹክሹክታ ነበር። ጊታሩ ሲከብድ እንደ አልጋ ይከብዳል፤ ከሥሩ ለቅጽበት የሚሰማው የሴቶች ኅብረ ዝማሬ ከሌላ ክፍል እንደሚሰማ ልቅሶ ይርቃል። ይህን አስተካክሎ መሥራት ምን እንደሚጠይቅ እትዬ ታውቃለች። ማወቋ ነው ያንገበገባት።

ሌላም ነገር ነበር። እየሰማች ራሷን ትፈልግ ነበር። ዘበኛው አባታቸው ናቸው። ወይዘሮዋ እናታቸው ናት። ድመቷ የቤታቸው ድመት አመዶ ናት፣ ቁርጥ። እሷስ? ከጫማዎቹ አንዱ እኔ ብሆንስ ብላ አሰበች፤ ጫማ መሆንም አማራት።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ልጅቷ ደከመች። ድራሙ ሳሳ፣ ጩኸቱ ቀረ፣ ጊታሩ አንድ ድምፅ ይዞ ቆመ። ከዚያ ምንም። ረዥም፣ የተገለጠ፣ ባዶ ቦታ። የእትዬ ጣቶች ሳታዛቸው ጉልበቷ ላይ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ስምንተኛው መጣ፤ ቤቱ ፈረሰ፣ ጢንዚዛም ሳታጓራ፣ በራቁት ድምፅዋ ዘፍና ጨረሰች።

ማዳመጫውን ስታወልቅ ካውያው ቆሟል።

«እሺ» አለች ጢንዚዛ። «ምን ጎደለው?»

የእናታቸው ጥያቄ ነው። እናታቸው ሰው ተጫውቶ ሲጨርስ «ጥሩ ነው» ማለትን ትከለክል ነበር። «ጥሩውን ተጫዋቹ ራሱ ያውቀዋል፤ የጎደለውን ንገሩት» ትላለች። በነሱ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ ሰው አልሰማም ማለት ነው።

እትዬ ላውንደሪውን ዙሪያ ገባውን አየች፣ የሰው ኮት ላይ መልስ የተጻፈ ይመስል።

«ሰባተኛው» አለች በመጨረሻ። «መሐሉ ባዶ ነው። ሐሳብ አልቆብሻል። ጊታሩ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል፣ እላዩ ላይ ምንም የለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ እንዲህ አይተወውም። የጀማሪ ስህተት ነው።»

ድምፅዋ የራሷ አልነበረም፤ የአስተማሪዎቿ ነበር። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ቅላጼ፣ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

ጢንዚዛ ትንሽ ጠበቀቻት። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«እሺ» አለች ጢንዚዛ። ሱሪውን አጠፈች፣ ላስቲክ ውስጥ ከተተች፣ ማዳመጫውን ተቀብላ ኪሷ አስገባች። አልተከራከረችም። እትዬ መከራከሯን ትጠብቅ ነበር፤ ባለመከራከሯ ቅር አላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሳ ልትወጣው አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእትዬ መልካም አልነበሩም። አልበሙን ወደ ስልኳ አስልካ አውቶቡስ ላይ መስማት ጀመረች፤ ለመተቸት ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ሁለተኛውን ዘፈን ስትተች ሦስተኛው መጣ፤ ሦስተኛውን ልትተች ስትል ማልቀስ አማራት፤ ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ «ሰው ሞተብሽ እንዴ ልጄ?» አሏት። ትምህርት ቤት ሕፃናቱ አንዱን ቁልፍ ከሌላው እያሳሳቱ ሲደበድቡ እሷ በልቧ የጎሚስታውን ድራም ትቆጥራለች። የጢንዚዛን ጓደኞች በመንገድ ስታይ ሰላምታዋ ያጥራል። ሰው «እህትሽ እኮ» ብሎ ሲጀምር «አዎ፣ በጣም ደስ ብሎኛል» ትላለች፤ ጥርሷ ይስቃል፣ እግሯ ግን መንገዱን ይቀጥላል።

አንድ ከሰዓት አባታቸውን በረንዳ ላይ አገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ የሊፍት ጠጋኝ ናቸው፤ አንደኛው ጆሯቸው ከሞተር ጋር ኖሮ ደንቁሯል። ጭናቸው ላይ አመዶ ተኝታለች።

«አባዬ፣ የጢንዚዛን ሰሙት?»

«በደህናው ጆሮዬ ነው የሰማሁት» አሉ። «ገመዱ የተበጠሰ ሊፍት ይመስላል።»

እትዬ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም።

«መጀመሪያ ፈራሁ» አሉ ቀጥለው። «በኋላ እየደጋገምኩ ስሰማው ሊፍቱ ውስጥ እናትሽ እንዳለች ገባኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሳልሰማው አልውልም። እኔም አለሁበት እኮ፣ ዘበኛው ነኝ፤ የማይሰማው። ይቺም አለችበት» የድመቷን ጆሮ አሻሹ። ከዚያ በየዋህነት ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ የቱ ጋ ነሽ?»

«እኔ ውጭ አገር ነበርኩ፣ አባዬ» አለች እትዬ።

ድመቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻት፣ መልሳ ጨፈነች። እትዬ በሕይወቷ በድመት ላይ ቀንታ አታውቅም ነበር።

ዜማው የመጣላት በማግስቱ ነው። አንዲት ተማሪ ፒያኖው ላይ አንድ ቁልፍ ተጭና ረስታው ስታዛጋ፣ ያ ድምፅ የሰባተኛውን ዘፈን ጊታር መሰላት፤ እጇ በልጅቷ ትከሻ ላይ አልፎ ከላይ ጨመረበት። ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ወርዶ የማያርፍ ዜማ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላም ተቀምጣ ተጫወተችው። ከጀርባዋ የሚተች ድምፅ አልመጣም። ለስንት ዓመት ያልመጣላት ነገር በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ራሱ መጥቶ ተቀመጠ። ልክ እንደ ሳሎናቸው ኦርጋን ነበር፤ ቦታው አየር ሰጣት።

ያን ጊዜ የምትፈልገውን አወቀች። አልበሙ እንዲወድቅ አልነበረም የምትፈልገው። ውስጡ መግባት ነው። ሸክላው ሲታተም አንድ ቦታ ላይ እሷም እንድትኖር፣ ድመቷ እንዳለች። እሑድ የባንዱ ልምምድ አለ፤ ሄጄ እንደ ስጦታ እሰጣታለሁ ብላ አሰበች። «የጎደለውን እኔው ሞላሁልሽ» ብላ፣ ትንሽ ቸር ሆና፣ ትንሽም ትልቅ ሆና። ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፈችውም፤ ጣቶቿ ያውቁታል።

እሑድ ጠዋት ሳሎን ስትገባ ኦርጋኑ የለም። ወለሉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ጎሚስታው በጋሪ ወሰደው» አሉ አባታቸው። «ሊቀዱበት ነው መሰለኝ።»

ቦርሳዋን አነሣች። ፈጥና ሄደች።

የጎሚስታው ቤት እሑድ ለሥራ ዝግ ነው፤ መዝጊያው እስከ ጉልበት ተከፍቷል፣ ጎንበስ ብላ ገባች። ጎማዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ጎሚስታው ድምፅ ያፍናሉ ይላል፣ ለጎረቤት ስድብ ግን አልበቁም። መሐል ላይ ድራሙ፤ ጥግ ላይ ጥርስ ሠሪው ጊታሩን አቅፎ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሷል። ኦርጋኑ ከመኪና ማንሻው አጠገብ ቆሟል። ኦርጋኑ ፊት ሙሽሬ ተቀምጧል።

ሙሽሬ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ነው። ሠርግ ስለሚበዛበት ሁልጊዜ ሙሉ ነጭ ይለብሳል፣ ጫማውም ነጭ ነው፤ ሙሽሬ ያሉት ለዚህ ነው። አሁንም ከአንድ ሠርግ ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ይመስላል።

«እትዬ፣ እንኳን መጣሽ» አለ ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አንቺ ባትናገሪ እኮ ባዶውን ልናሳትመው ነበር።»

«ምኑን?»

«ሰባተኛውን ነዋ። እኛማ ያቺን ቦታ ማን ነክቷት። አንዴ በሲምባሉ ሳህን ኳ ላደርግባት ብል ጢንዚዛ በመፍቻ ልታባርረኝ ነበር። የእትዬ ናት፣ ስትመጣ ራሷ ትሞላዋለች፣ አትንኩ ትለን ነበር። አሁን ግን ሥራ በዝቶባታል ስትለን ሙሽሬን ለመንነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ጎሚስታው ያውቃል፣ ጥርስ ሠሪው ያውቃል፣ ጎማዎቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ጢንዚዛ ከጓሮ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ገባች። እትዬን አይታ ቆመች። እትዬ ክንዷን ይዛ ወደ ጓሮ መልሳ አወጣቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«የጠየቅሽኝ ምን ጎደለው ብለሽ ነው።»

«አዎ። አንቺ ነሻ የጎደልሽው» አለች ጢንዚዛ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። «ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። የኦርጋን ትንፋሽ የሞላበት አልበም ነው፤ ትንፋሹ ድንገት የሚጠፋበት አንድ ቦታ አለ። እቤታችን ኦርጋን የሚጫወተው ማን ነበር? ድመቷ?»

«ድመቷማ የራሷ ዘፈን አላት።»

አምልጧት ነው። ጢንዚዛ አፏን ይዛ ቀረች፣ ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ጎማ ላይ ተደግፋ ሳቀች። «በአመዶ ቀናሽ? እውነትሽን ነው?»

«አትሳቂ።»

«ለሁሉም ዘፈን ሠራሁላቸው፣ ያንቺን ግን ራስሽ ትሠሪዋለሽ ብዬ ነው። የኔ ቃል ላንቺ አይበቃም ብዬ ነው፣ እሺ?» ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። «ከዚያ የጀማሪ ስህተት አልሽኝ። እውነት መሰለኝ። አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ኮት የምተኩስ ሰው ነኝ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ምን ትላለች? እትዬ በብብቷ ምን ይዛ እንደነበር እንኳ አላወቀችም ነበር።

«አሁንስ?» አለች ቀስ ብላ።

«አሁን ሙሽሬ የዛሬን ሠርግ ለሌላ ሰው ሰጥቶ መጥቷል። ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ ነበር። ሂድ ልበለው?»

አዎ በይው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጣቶቿም ዝግጁ ነበሩ። ጢንዚዛ ዓይን ዓይኗን እያየች ጠበቀች፣ ላውንደሪው ውስጥ እንደጠበቀቻት ዓይነት። እትዬ ቃሉን ዋጠች።

«አትበይው» አለች።

ከውስጥ ጎሚስታው ተጣራ፤ ሁለቱም ገቡ። የኦርጋኑ ጠፍር ጋሪ ላይ ሲጫን ተበጥሶ ኖሯል፤ መርገጫው በእግር ሲረገጥ ወናፉን አይስብም። አንድ ሰው ከሥር ገብቶ በእጁ መግፋት አለበት። ጢንዚዛ ማይክ ላይ ናት። ጎሚስታው ድራም ላይ፣ ጥርስ ሠሪው ጊታርና ኮምፒውተር ላይ።

ሁሉም ወደ ኦርጋኑ ሥር አዩ። ማንም ስሟን አልጠራም።

እትዬ ቦርሳዋን ጎማ ላይ አስቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከኦርጋኑ ሥር ገባች።

ጠባብ ነው። የአቧራና የአሮጌ ቆዳ ሽታ አለው። ትልቅ ሰው ሆና እንዴት እንደምትታጠፍ አላወቀችም፤ ጉልበቷን አገጯ ሥር አደረገች። ፊት ለፊቷ የሙሽሬ ነጭ ጫማዎች ናቸው። ወደ ጎን ደግሞ የጢንዚዛ ግራ እጅ ከክርን በታች ይታያል፣ ጥቁር ጥፍሩ የተላጠ።

«እጄን ስጥል ልቀቂው» አለች የእጁ ባለቤት። «ልጅቷ የምታቆምበት ነው። ከዚያ በፊት እንዳትለቂ።»

መግፋት ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የሰማችው። ከላይ ሲጫወቱት ኦርጋን ይዘምራል፤ ከሥር ግን ያጓራል። ወናፉ ጆሮዋ ላይ ይተነፍሳል፣ እንጨቱ በጥርሷ ውስጥ ይነዝራል፣ ድምፁ ዜማ ከመሆኑ በፊት ያለው ጥሬው ነገር፣ አውሬው፣ እዚህ ነው የሚኖረው። ጢንዚዛ ማጓራት የተማረችው ከየትም አይደለም። ልጅነቷን ሙሉ እዚህ ነበረች፤ እትዬ እላይ ሆና ሲጨበጨብላት።

ድራሙ ሳሳ። ጊታሩ አንዱን ድምፅ ይዞ ቆመ። ሙሽሬ ጀመረ።

አራት ድምፅ ብቻ ነው። ሙሽራ ስትገባ የሚመታው ዓይነት፣ ማንም የሚያውቀው አገባብ፣ ግን እጅግ ቀርፋፋ። ሙሽሪት ወደ ሟች አልጋ እንደምትሄድ። እትዬ ሰምታ ተረዳች። የሷ ዜማ ይበልጥ ያምራል። ይሄኛው ይበልጥ ልክ ነው። ሁለቱንም እኩል አድርጋ ማወቋ ነው አንጀቷን ያሳረራት። ከሠርግ ሠርግ የሚዞረው፣ ነጭ ጫማው፣ የሷን ቦታ፣ እህቷ ለዓመታት ከሲምባል እንኳ ስትጠብቀው የኖረችውን ቦታ፣ በአራት ድምፅ ሞላው። አየሩ ግን በእጇ ነው። ያለሷ አንዷን ድምፅ እንኳ ማውጣት አይችልም። ትንሽ ብታላላው…

እጇ ላላ። አስባ ይሁን ሳታስብ እሷም አታውቅም። ሦስተኛው ድምፅ ተሟሸሸ፣ ወደ ታች ሰመጠ፣ ጎበጠ፤ የሙሽሬ ነጭ ጫማ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። እትዬ አፍራ እንደገና ገፋች፤ ድምፁ እያቃሰተ ተነሣ፣ አራተኛው ላይ ደረሰ። ጥቁር ጥፍር ያለው እጅ ወደቀ። ለቀቀችው። ኦርጋኑ እንደ ሰው ተነፈሰና ሞተ።

በጸጥታው መሐል የሙሽሬ ስልክ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ ሙሽሬ ኪሱን እየዳበሰ። «የነገ ሙሽሮች ናቸው። መሐል ላይ ደግሞ አየሩ ከዳኝ፤ ያ ሦስተኛው ተበላሸ።»

«ቆይ» አለ ጥርስ ሠሪው። መልሶ አሰማቸው። ያ የሰመጠው ድምፅ በጎሚስታው ቤት ውስጥ ወረደ፣ ጎበጠ፣ ተነሣ። ጎሚስታው የድራም ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቀረ።

«እሱ ነው» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷ መድከም የጀመረችበት። እሱን ነበር ስንፈልግ የኖርነው። ይቺ ስልክ ጸጥታውን ባትበላብን ኖሮ አልቆ ነበር።»

ጢንዚዛ ጎንበስ ብላ ከኦርጋኑ ሥር ገባች፤ ፊቷ ከእትዬ ፊት ስንዝር ራቀ።

«እሱን እንዴት አደረግሽው?»

«እጄ ደክሞኝ ነው።»

ጢንዚዛ የእትዬን እጆች አየች። ከዚያ አፏ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«እኔስ ያኔ ደክሞኝ ነበር ብለሽ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

የምትወዳቸው ቦታዎች ሁሉ፣ አንድ ባንድ የተሟሸሹት፣ ወደ እትዬ ጆሮ ተመለሱ።

«በሙሽሬ ቀንተሽ ነው?» አለች ጢንዚዛ።

«በሁሉም ነው። በድመቷም።»

«ጥሩ። ልጅቷም እንደዚያው ናት» አለች ጢንዚዛ። «እንድገመው። እዚያው ቦታ ላይ፣ እንደዚያው አድርጊልኝ። መቻልሽን እንጃ፤ ደግሞ አስመስለሽ እንዳይሆን፣ ይታወቃል።»

ፊቷ ወጣ። ሙሽሬ ስልኩን አጠፋ፣ ወንበሩን አስጠጋ። ነጫጭ ጫማዎቹ ተመልሰው መጥተው ከእትዬ አፍንጫ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንደኛው ላይ ከሠርግ የተረፈ ወርቃማ ብጣቂ ወረቀት ተለጥፏል። ጎሚስታው ዱላውን አጋጭቶ ቆጠረ። እትዬ ወናፉን ያዘች።

እንዴት እደግመዋለሁ የሚል ሐሳብ አልመጣባትም። ጫማዎቹን አየቻቸው። ቅናቷ ገና ትኩስ ነበር፤ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለብዙ እሑድ የሚበቃ።